መስከረም 1921 ዓ.ም.

መስከረም 1921 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የ1921 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያው ወር ነው። ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ወሩ ማክሰኞ ዕለት ገብቶ ረቡዕ ዕለት ያበቃ ሲሆን፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 1928 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ይይዛል። በኢትዮጵያ ታሪክ ይህ ወር በተለይ የሚታወቀው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን መስከረም 27 ቀን በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ እጅ የንጉሥነት ዘውድ የደፉበት በመሆኑ ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ የፔኒሲሊን ግኝት፣ የሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድና በካሪቢያንና በፍሎሪዳ ብዙ ሺህ ሰው የጨረሰው አውሎ ነፋስ የዚሁ ወር ድርጊቶች ናቸው።

ስለ ቀኖቹ አቆጣጠር

የዚህን ዘመን ታሪክ የሚያነብ ተማሪ 1928 የሚለውን ቁጥር ሲያይ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። 1928 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከኢጣልያ ጋር የወዳጅነት ውል የተፈራረመችበት ዓመት ነው። 1928 ዓ.ም. ግን ያችው ኢጣልያ ኢትዮጵያን የወረረችበት ዓመት ነው። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመታት አሉ። አንዱን በሌላው ቦታ የተካ ሰው ውሉንና ወረራውን በአንድ ዓመት ያደርጋቸዋል።

በወሩ ውስጥ ያሉትን ቀኖች ለማዛመድ ቀላል መንገድ አለ። ከሴፕቴምበር ቀን ላይ አሥር ሲቀነስ፣ በኦክቶበር ቀን ላይ ደግሞ ሃያ ሲጨመር የመስከረሙ ቀን ይገኛል። ስለዚህ ሴፕቴምበር 28 መስከረም 18፣ ኦክቶበር 7 ደግሞ መስከረም 27 ነው። ይህ ስሌት ለ1921 ዓ.ም. ይሠራል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው መስከረም ግን በአንድ ቀን ይዛነፋል።

በኢትዮጵያ

የራስ ተፈሪ ንጉሥ መባል

ወሩ ሲገባ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሁለት ሥልጣን ነበር። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ባሉት አሥራ ሁለት ዓመታት የውጭ ጉዳይ፣ የጦር መሣሪያ ግዥና አዲስ የተቋቋሙት መሥሪያ ቤቶች እየቆዩ ወደ አልጋ ወራሹ እጅ ገቡ። ማዕረጉ ግን የንግሥቲቱ ነበር፤ በንግሥቲቱ ዙሪያ ያሉት መኳንንትም የተፈሪን አካሄድ በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር።

ሚዛኑን ጠብቀው ያቆዩት ሁለት ታላላቅ ሰዎች፣ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴና ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ፣ በ1919 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ ወራት በተከታታይ አረፉ። ከእነሱ በኋላ በአልጋ ወራሹና በቤተ መንግሥቱ ወገን መካከል ሽማግሌ የሚሆን ሰው ጠፋ። በየካቲት 1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ብዙ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ ገቡ፤ ነገር ግን ጦራቸው ሳይዋጋ ተበተነና እሳቸውም ተያዙ።

ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኢጣልያ የወዳጅነትና የግልግል ውል ተፈረመ። ውሉ ለሃያ ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ከእሱ ጋር ኢትዮጵያ በአሰብ ነጻ የወደብ ቦታ እንድታገኝና ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ስምምነት ተደርጎ ነበር። የአልጋ ወራሹ ተቃዋሚዎች አገሪቱን ለባዕድ አሳልፎ የሚሰጥ ነው ብለው ይህንኑ ውል ከክሳቸው አንዱ አደረጉት።

ከዘውዱ ጥቂት ቀደም ብሎ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ በተፈሪ ላይ ሤራ ተነሣ። የሤራው ዋና ሰው የቤተ መንግሥቱ ዘበኛ አለቃ ደጃዝማች አባ ውቃው ብሩ ነበሩ። ሤረኞቹ ነገሩ ባልሆነላቸው ጊዜ በግቢው ውስጥ በሚገኘው በምኒልክ መካነ መቃብር ገብተው መሸጉ። የተፈሪ ወታደሮች ከበቧቸው፤ የንግሥቲቱ ዘበኞች ደግሞ የተፈሪን ሰዎች ከበቡ። ይህ ከበባ በከበባ ላይ የተደራረበ ትዕይንት ያበቃው አዲስ መሣሪያ የታጠቁ ተጨማሪ የአልጋ ወራሹ ወታደሮች ሲደርሱ ነው። ድርጊቱ ራሱ አጭር ነበር፤ ያሳየው ነገር ግን ትልቅ ነው። በምኒልክ ግቢ ውስጥ ሳይቀር የጦር ኃይሉ የማን እንደሆነ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ለተፈሪ የንጉሥነት ማዕረግ ለመስጠት ተስማሙ። እሑድ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዘውዱን ራሳቸው ደፉላቸው። ተፈሪ በዚያ ጊዜ የ36 ዓመት ሰው ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ንጉሥ ተፈሪ» ተባሉ፤ የአልጋ ወራሽነታቸውም እንዳለ ቀጠለ።

ንጉሥ መባል በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም። ንጉሠ ነገሥት እያለ ከሥሩ ንጉሥ መኖሩ የቆየ ሥርዓት ነው። ምኒልክ ራሳቸው የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ራስ አዳልን የጎጃም ንጉሥ ብለው ተክለ ሃይማኖት የሚል ስም ሰጥተዋቸዋል፤ ልጅ ኢያሱም አባታቸውን ራስ ሚካኤልን የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርገዋል። የመስከረሙ ንግሥ ከእነዚህ የሚለየው በቦታው ነው። የቀድሞዎቹ ነገሥታት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አገር ነበራቸው፤ ግብሩን ከዚያ ያገቡ፣ ጦሩን ከዚያ ያስነሡ ነበር። ተፈሪ ግን የሐረር ወይም የሸዋ ንጉሥ አልተባሉም፤ ንግሥተ ነገሥታቱ ባሉበት በዚያው ከተማ ተቀምጠው፣ የንግሥቲቱን መንግሥት እየመሩ ንጉሥ ሆኑ። ንጉሡና ንግሥተ ነገሥታቱ በአንድ መናገሻ የተቀመጡበት እንዲህ ያለ ሁኔታ ከዚያ በፊት አልታየም። ለዚህም ነው ብዙ መኳንንት ማዕረጉን የዘውዲቱን ዘውድ የሚነካ አድርገው የቆጠሩት። እንደ ሥርዓቱ ሲታይ ከንግሥቲቱ በታች የሚያደርግ ማዕረግ ነበር፤ በሥራ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በንግሥቲቱ እጅ የቀረው ክብሩ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ከተቆጡት አንዱ የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ። ራስ ጉግሣ የዘውዲቱ ባል የነበሩና በ1909 ዓ.ም. ንግሥቲቱ ሲነግሡ እንዲለዩ የተደረጉ ሰው ናቸው። ቁጣው ወደ ጦርነት ደርሶ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቸም ጦርነት ራስ ጉግሣ ሞቱ። ንግሥት ዘውዲቱ ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 24 ቀን አረፉ። ንጉሥ ተፈሪም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጫኑ። ከመስከረሙ ዘውድ እስከዚህኛው የሁለት ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ነው። ሁለቱን ዘውዶች አንድ አድርጎ መናገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስሕተት ስለሆነ ልብ ይሏል፤ የመጀመሪያው የንጉሥነት፣ ሁለተኛው የንጉሠ ነገሥትነት ነው።

ለንግሡ ጠብ አንዱ ምክንያት የነበረው የኢጣልያ ውል ዕድሜው የተጻፈለትን ያህል አልሆነም። ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበሩን አቋርጣ ጦርነቱን ስትጀምር ከሃያው ዓመት ገና አሥራ ሦስቱ ያህል ይቀሩ ነበር።

በሌላው ዓለም

አውሎ ነፋስ በካሪቢያንና በፍሎሪዳ

የዚህን ወር ትልቁን የሰው እልቂት ያደረሰው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የተነሣ አውሎ ነፋስ ነው። መስከረም 2 ቀን ጓዴሉፕ የምትባለውን ደሴት መታ፤ በዚያ ወደ 1,200 ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ መስከረም 3 ቀን በፖርቶ ሪኮ ላይ አለፈ። ዕለቱ በካቶሊኮች ዘንድ የቅዱስ ፊልጶስ በዓል ስለነበር የደሴቲቱ ሰዎች አውሎ ነፋሱን «ዳግማዊ ሳን ፌሊፔ» ይሉታል። ዳግማዊ የተባለው በ1876 እ.ኤ.አ. በዚያው በዓል ቀን ሌላ አውሎ ነፋስ ስለመታቸው ነው። በፖርቶ ሪኮ ከ300 በላይ ሰዎች ሲሞቱ እጅግ ብዙ ቤት ፈረሰ፤ የቡናው ተክልም ወደመ።

እሑድ መስከረም 6 ቀን ምሽት አውሎ ነፋሱ በዌስት ፓልም ቢች አጠገብ ፍሎሪዳ ገባ። በባሕሩ ዳር ያለው ሕዝብ ማስጠንቀቂያ ስለደረሰው ብዙው ዳነ። እልቂቱ የሆነው ከባሕር ርቆ በሚገኘው በኦኪቾቢ ሐይቅ ዙሪያ ነው። በሐይቁ ደቡብ በኩል ያለው መሬት ጥቁርና ለም በመሆኑ አትክልት በብዛት ይመረትበት ነበር። ውኃውን ከእርሻው የሚለየው ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ የአፈር ክትር ብቻ ነው። ለዚያ አካባቢ ነዋሪዎችም በቀኑ «ውጡ» ተብሎ ተነግሯቸው ነበር፤ ነገር ግን ነፋሱ በተባለው ሰዓት ባለመምጣቱ ብዙዎች አደጋው ያለፈ መስሏቸው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በምሽት ነፋሱ የሐይቁን ውኃ ወደ ደቡብ ገፋው፤ ክትሩ ተደረመሰ፤ ጎርፉ መንደሮችን ከነሰዎቻቸው ጠርጎ ወሰደ።

ከሞቱት ሦስት አራተኛ ያህሉ ጥቁር የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ለሥራ ወቅት ከሌላ ክፍለ ሀገርና ከባሃማስ ደሴቶች የመጡ ስለሆኑ በአካባቢው የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም፤ በየትኛውም መዝገብ ላይም አልተጻፉም። አስከሬኑን የመሰብሰቡ ሥራ ለሳምንታት ቆየ። የመቃብር ሳጥን ሲያጥር ለነጮች እንዲሆን ተደረገ። በዌስት ፓልም ቢች 69 ነጮች በሳጥን ሆነው በከተማው መካነ መቃብር ሲቀበሩ፣ 674 ጥቁሮች በአንድ ጉድጓድ ያለ ምልክት ተቀበሩ። በፖርት ማያካ ደግሞ 1,600 የሚሆኑ ሰዎች በጅምላ ተቀብረዋል። የቀሩት ባሉበት ተቃጠሉ።

በዚያን ጊዜ በይፋ የተነገረው የፍሎሪዳ ሟቾች ቁጥር 1,836 ነበር። ይህ ቁጥር ለሰባ አምስት ዓመት ያህል ሳይለወጥ ቆይቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ባለሥልጣናት «ቢያንስ 2,500» ብለው አሻሻሉት። «ቢያንስ» የሚለው ቃል የተጨመረው እውነተኛውን ቁጥር አሁን ማግኘት ስለማይቻል ነው። በሐይቁ ዙሪያ በኋላ የተሠራው ትልቅ ግድብ በፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ስም ይጠራል። ጸሐፊዋ ዞራ ኒል ኸርስተን በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ይህን ጎርፍ ከሠራተኞቹ ወገን ሆና ተርካዋለች።

ፔኒሲሊን

መስከረም 18 ቀን፣ ማለትም ሴፕቴምበር 28፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደን በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ቤተ ሙከራቸው ፔኒሲሊንን ያገኙበት ቀን ሆኖ ይጠቀሳል። ቀኑን ራሳቸው ፍሌሚንግ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተናገሩት ነው። ሌሎች ጸሐፊዎች ከዕረፍት የተመለሱበትን ሴፕቴምበር 3 ቀንን ይመርጣሉ፤ እሱ ከሆነ ግን በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 28 ቀን 1920 ዓ.ም. ስለሚውል ነገሩ ከዚህ ወር፣ ከዚህም ዓመት ይወጣል።

የሆነው ይህ ነው። ፍሌሚንግ የቁስል መግል የሚያመጣ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በሳህን ላይ ያበቅሉ ነበር። ሳህኖቹን ሳያጥቡ ትተዋቸው ወደ ዕረፍት ሄዱ። ሲመለሱ ከሳህኖቹ በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ አገኙ፤ በሻጋታው ዙሪያ ያለው ባክቴሪያ ደግሞ ሟሙቶ ጠፍቷል። ሻጋታ የበቀለበትን ሳህን መጣል የተለመደ ነው። እሳቸው ግን አስቀምጠው ሻጋታውን ለብቻው አበቀሉት፤ የሚወጣውንም ፈሳሽ ፔኒሲሊን ብለው ሰየሙት።

ግኝቱ በ1929 እ.ኤ.አ. በአንድ የሕክምና መጽሔት ቢታተምም ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ፈሳሹን አጣርቶ መድኃኒት ማድረግ ከባድ ስለነበር ፍሌሚንግም ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ። ነገሩን ከአሥር ዓመት በኋላ ያነሡት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኤርንስት ቼይንና ኖርማን ሂትሊ ናቸው። በግንቦት 1932 ዓ.ም. በአይጦች ላይ ሞከሩት፤ ስምንት አይጦች በሽታው ተሰጥቷቸው ፔኒሲሊን የተወጉት አራቱ ሲድኑ ያልተወጉት አራቱ ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት መድኃኒቱን የወሰደ አንድ ፖሊስ መዳን ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ያላቸው መድኃኒት በማለቁ ሰውየው ሞተ። ከሽንቱ ሳይቀር እያጣሩ መልሰው ይሰጡት ነበር። ፍሌሚንግ፣ ፍሎሪና ቼይን በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሂትሊ አልተካተቱም፤ መድኃኒቱን ከፈሳሹ የማውጣቱ ብልሃት በአብዛኛው የእሳቸው እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቆጭ ነው።

በረራ

ማክሰኞ መስከረም 8 ቀን በአውሮጳ ሁለት በረራዎች በአንድ ቀን ተደረጉ። በጀርመን አገር በፍሪድሪክስሃፈን «ግራፍ ዜፔሊን» የተባለው የአየር መርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ተነሣ። ርዝመቱ 236 ሜትር ከግማሽ ያህል ሲሆን በሃይድሮጂን ጋዝ የሚንሳፈፍ ነበር። በዚያው ዕለት ስፔናዊው መሐንዲስ ኹዋን ዴ ላ ሲየርቫ አውቶጋይሮ በተባለው የራሱ ፈጠራ ከእንግሊዝ ተነሥቶ ባሕሩን በማቋረጥ ፈረንሳይ ገባ። አውቶጋይሮ እንደ ሄሊኮፕተር በአናቱ ላይ የሚሽከረከር ክንፍ አለው፤ ክንፉን የሚያዞረው ግን ሞተሩ ሳይሆን ወደፊት ሲበር የሚመጣው ነፋስ ነው። ለሄሊኮፕተር መፈጠር መንገድ የከፈተው ይህ ሥራ ነበር።

በጊዜው ሰው ሁሉ ያደነቀው ግን የአየር መርከቡን ነው። ግራፍ ዜፔሊን ጥቅምት 1 ቀን 1921 ዓ.ም. መንገደኞችን ይዞ ወደ አሜሪካ ተነሣና ጥቅምት 5 ቀን ደረሰ። በ1929 እ.ኤ.አ. ዓለምን ዞረ። «ሂንደንበርግ» የተባለው መሰሉ በ1937 እ.ኤ.አ. ተቃጥሎ ከጠፋ በኋላ ግን እሱም ከአገልግሎት ወጣ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው በዚሁ 1921 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በነሐሴ ወር ነው። ከሰባት ወር በኋላም በአንቸም ጦርነት አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ጦር ላይ ዋለ።

የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ድራማ

በእኛ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በስከኔክተዲ ከተማ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጣቢያ አንድ የመድረክ ተውኔት በቴሌቪዥን አስተላለፈ። በቴሌቪዥን የተላለፈ የመጀመሪያው ድራማ ይህ ነው። ርእሱ «የንግሥቲቱ መልእክተኛ» ሲሆን አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ምስሉ በ24 መስመሮች ብቻ የሚሣል ስለነበር ሙሉ ሰው ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ተዋንያን ፊታቸው ብቻ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ እጃቸው ብቻ እንዲታይ ተደረገ። ብርጭቆ የሚያነሣው እጅና የሚናገረው ፊት የአንድ ሰው አልነበሩም። መስኮቱ ከሰው መዳፍ ያነሰ ሆኖ ድምፁ በሬዲዮ ይሰማ ነበር። የተመለከቱት ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ተቀባይ መሣሪያ ያለው ሰው አልነበረምና።

የሶቪየት ኅብረት የአምስት ዓመት ዕቅድ

መስከረም 21 ቀን የሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ የተጀመረበት ቀን ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያን ዕለት ግን የጸደቀ ዕቅድ አልነበረም። የአገሪቱ የበጀት ዓመት በኦክቶበር 1 ቀን ይጀምር ስለነበር፣ በ1929 እ.ኤ.አ. ጸደይ የጸደቀው ዕቅድ ወደኋላ ተመልሶ ከዚያ ቀን እንዲቆጠር ተደረገ። ዓላማው ከባድ ኢንዱስትሪን፣ ማለትም ብረትን፣ የድንጋይ ከሰልን፣ ኤሌክትሪክንና ማሽንን በፍጥነት ማሳደግ ነበር። ማሽኑ ከውጭ የሚገዛው በአመዛኙ እህል ተሽጦ ስለሆነ፣ እህሉን ከገበሬው ለማግኘት መሬቱና ከብቱ በጋራ እርሻ እንዲገባ ተገደደ። እምቢ ያሉት በሀብታም ገበሬነት ተከሰው ተጋዙ። መንግሥት ዕቅዱ በአራት ዓመት ከሦስት ወር ተፈጸመ ብሎ በ1932 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አወጀ። በዚያው ክረምት በዩክሬን፣ በካዛክስታንና በሌሎችም የእህል አገሮች ሚሊዮኖች በረኃብ አለቁ። የብረት ፋብሪካዎቹ በእርግጥ ተሠርተዋል፤ ሁለቱን ለያይቶ መጻፍ ግን ትክክል አይሆንም።

ሌሎች ድርጊቶች

መስከረም 13 ቀን በማድሪድ ኖቬዳዴስ በተባለው የትያትር ቤት በትርኢት መካከል እሳት ተነሥቶ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ከተማ መስከረም 22 ቀን የ26 ዓመቱ የካቶሊክ ቄስ ሆሴማሪያ ኤስክሪቫ «ኦፑስ ዴይ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ።

መስከረም 15 ቀን በቺካጎ ፖል ጋልቪንና ወንድሙ ጆሴፍ አንድ አነስተኛ ኩባንያ አቋቋሙ። ሥራቸው በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ በቤት ኤሌክትሪክ እንዲሠራ የሚያደርግ መሣሪያ መሥራት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመኪና ሬዲዮ ሠርተው «ሞቶሮላ» የሚል ስም አወጡለት፤ በኋላ ኩባንያው ራሱ በዚህ ስም ተጠራ።

በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ መስከረም 30፣ ቻንግ ካይ ሼክ በናንጂንግ የቻይና ብሔራዊ መንግሥት ሊቀ መንበር ሆኖ ሥራ ጀመረ። ዕለቱ የቻይና ሪፐብሊክ በዓል ነው። ቻይና በስም አንድ መንግሥት ብታገኝም ማንቹሪያን የያዘው የጦር አበጋዝ ለናንጂንግ ያደረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው።

በወሩ የተወለዱ

በዚህ ወር ከተወለዱት መካከል የሃያኛውን መቶ ዓመት ክፉ ገጽታ በዓይኑ አይቶ በመጻፍ የሚታወቀው ኤሊ ዊዘል ነው። መስከረም 20 ቀን ሲጌት በተባለች የሮማኒያ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1944 እ.ኤ.አ. በአሥራ አምስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውሽቪትዝ ተጋዘ፤ አባቱ በቡኸንቫልድ ሞቱ፤ እሱ በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ነጻ ወጣ። በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማትን አገኘ።

ቄስ ጄምስ ሎውሰን መስከረም 12 ቀን በፔንሲልቫኒያ ተወለዱ። ወደ ሕንድ ሄደው የጋንዲን የሰላማዊ ትግል መንገድ ተማሩና በናሽቪል ከተማ ለተማሪዎች አስተማሩት። ተማሪዎቹ በምግብ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሰደቡና ሲመቱ መልስ እንዳይሰጡ አስቀድመው ይለማመዱ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ በእንቅስቃሴው ውስጥ ስለ ሰላማዊ ትግል ከሚያውቁት ሁሉ ያስቀድሟቸው ነበር። ሎውሰን በ2024 እ.ኤ.አ. አረፉ።

የጃዝ ሙዚቃ ሳክስፎን ተጫዋቹ ካነንቦል አደርሊ መስከረም 5 ቀን በፍሎሪዳ በታምፓ ተወለደ፤ አውሎ ነፋሱ ወደ ፍሎሪዳ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ከማይልስ ዴቪስ ጋር በጃዝ ታሪክ እጅግ የታወቀውን «ካይንድ ኦቭ ብሉ» የተባለውን አልበም ተጫውቷል።

ብራዚላዊው እግር ኳስ ተጫዋች ዲዲ መስከረም 28 ቀን ተወለደ። ሙሉ ስሙ ዋልዲር ፔሬይራ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. በማራካና ስታዲየም የመጀመሪያውን ጎል ያገባው እሱ ሲሆን፣ ከብራዚል ጋር በ1958 እና በ1962 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ አንሥቷል። የ1958ቱ ውድድር ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው የአሥራ ሰባት ዓመቱ ፔሌ ሳይሆን ዲዲ ነበር። ቅጣት ምት ሲመታ ኳሷ ከፍ ብላ ድንገት ስለምትወርድ አመታቱ «የደረቀ ቅጠል» ይባል ነበር።

በእንግሊዝ ጊያና የተወለዱት ሽሪዳት ራምፋል (መስከረም 23) ከ1975 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የኮመንዌልዝ ዋና ጸሐፊ ሆነው በደቡብ አፍሪካ ያለው አፓርታይድ እንዲወድቅ በብርቱ ሠርተዋል። አሜሪካዊው ጸሐፊ አልቪን ቶፍለር (መስከረም 24) ለውጥ ሲፈጥን በሰው ላይ ስለሚያደርሰው ድንጋጤ በጻፈው መጽሐፍ ይታወቃል። ሠዓሊው ሮበርት ኢንዲያና የተወለደው መስከረም 3 ቀን ነው። ፊንላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤይኖዩሃኒ ራውታቫራ መስከረም 29 ቀን ተወለደ። ከፊልም ተዋንያን ሮዲ ማክዶዋል (መስከረም 7)፣ አዳም ዌስት (መስከረም 9)፣ እንዲሁም በአንድ ቀን መስከረም 21 የተወለዱት ሎረንስ ሃርቪና ጆርጅ ፔፓርድ ይገኙበታል።

በወሩ የሞቱ

ጣልያናዊው ደራሲ ኢታሎ ዝቬቮ መስከረም 3 ቀን በመኪና አደጋ ሞተ። የትሪየስተ ነጋዴ የነበረው ዝቬቮ ልብ ወለዶቹ ለብዙ ዓመታት አንባቢ አላገኙም፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪው የነበረው ጄምስ ጆይስ በፓሪስ ለሚያውቃቸው ጸሐፊዎች ካስተዋወቀው በኋላ ነው ስሙ የተጠራው።